ፒ2002 ሴንሰር ተቀይሮም ሲመለስ፦ የጥቀርሻ ሴንሰሩ ምን እያለ ነው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የተሠራ፣ ከአውሮፓ የገባ ባለ 2.0 ሊትር የናፍጣ ቫን አለኝ። የምሠራበት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ከከተማ የምወጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ቼክ ኢንጅን በርቶ በስካነር ሲታይ ፒ2002 እና ፒ24ኤኤፍ የሚሉ ኮዶች ተገኙ። «የጥቀርሻ ሴንሰሩ ነው» ተብሎ ባገለገለ ሴንሰር ተቀየረ። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ አሁን ያለው ኮድ ግን ፒ2002 ብቻ ነው። ጉልበት አልቀነሰም፣ ጭስም በዓይን አይታይም። ጋራዡ «ፊልትሮውን አውጥተን ሆዱን እንብሳውና በሶፍትዌር እናጥፋው» እያለኝ ነው። ይህ ሴንሰር የሚለካው ምንድን ነው? አውጥቶ በቤንዚንና በብሩሽ ማጠብስ ይቻላል? ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን የፊልትሮው በምን ልለይ?

ምላሽ፦ ፊልትሮውን (በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለውን የጥቀርሻ ማጣሪያ፣ ዲፒኤፍ የሚባለውን) አያስበሱት፤ ሴንሰሩንም በቤንዚን አያጥቡት። ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ሴንሰሩ ከተቀየረ በኋላ የጠፋውና የቀረው ኮድ ነው። ፒ24ኤኤፍ የሚናገረው ስለ ሴንሰሩ ስለራሱ ነው፤ ንባቡ ከሚጠበቀው ወሰን ወጥቷል ማለት ነው። ፒ2002 ግን ስለ ፊልትሮው ነው፤ የጥቀርሻ ማጣሪያው የማጣራት ብቃት ከወሰን በታች ወርዷል ይላል። ሴንሰሩ ሲቀየር የመጀመሪያው ኮድ ጠፍቶ ሁለተኛው መቅረቱ አሮጌው ሴንሰር በእርግጥ ታሞ እንደነበረ፣ ከእሱ ጀርባ ግን ሌላ ችግር እንዳለ ያመለክታል። ሁለት ሴንሰሮች በየተራቸው አንድ ዓይነት ቃል ሰጥተዋል። ይህን ምስክርነት የሚያላላው የመጀመሪያው የታመመ፣ ሁለተኛውም ያገለገለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ፊልትሮው ያጋድላል፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን በፍተሻ ሊረጋገጥ ይችላል።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ፤ በጋራዦቻችን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች «የዲፒኤፍ ሴንሰር» በሚል አንድ ስም ይጠራሉና። አንደኛው የግፊት ልዩነት ሴንሰር ነው። ከሞተሩ አካባቢ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገቡበታል፤ አንዱ ከፊልትሮው በፊት፣ ሌላው ከፊልትሮው በኋላ ካለው ቦታ ይመጣል። ፊልትሮው ምን ያህል እንደሞላ የሚገመተው በዋናነት በእሱ ነው። ሁለተኛው የጭስ ሙቀት ሴንሰር ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ቀጭን ዘንግ፣ በአንድ መኪና ላይ ሦስትም አራትም ሊሆን የሚችል። ሦስተኛው እርስዎ የቀየሩት የጥቀርሻ ሴንሰር ነው። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ይታሰራል፣ ጫፉ ካንዴላ ይመስላል፣ ከሽቦው ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ የማይነጠል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አለው። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰርም ተመሳሳይ ሳጥን ስላለው የዕቃ ቁጥሩን ሳያነጻጽሩ በመልክ ብቻ መግዛት አደገኛ ነው።

የጥቀርሻ ሴንሰሩ የፊልትሮውን መሙላት አይጠብቅም። የተሰጠው ሥራ ፊልትሮው የሚያሾልክ መሆን አለመሆኑን መያዝ ነው። ለምን ሌላ ሴንሰር አስፈለገ ቢሉ፣ ፊልትሮው ውስጥ ካሉት በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ጥቂቶቹ ቢሰነጠቁ የግፊት ልዩነቱ እምብዛም አይለወጥም። ጥቀርሻው ግን በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። የአውሮፓ ዩሮ 6 ደንብ ለመንገደኛ መኪና የሚፈቅደው በኪሎ ሜትር 4.5 ሚሊ ግራም ብናኝ ሲሆን፣ 12 ሚሊ ግራም ሲደርስ መኪናው ራሱ መብራት አብርቶ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት በግፊት ሴንሰር መያዝ ስለማይቻል ነው ይህኛው የመጣው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ ፍተሻው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በብዛት የሚገጠመው ዓይነት በኤሌክትሪክ መቋቋም የሚሠራው ነው። ከብረት መከላከያ ቱቦው ውስጥ ቀጭን የአሉሚና ሴራሚክ ሰሌዳ አለ። በላዩ ላይ ሁለት የፕላቲነም ማበጠሪያዎች ታትመዋል፤ የሁለት እጅ ጣቶች ሳይነካኩ እንደሚጠላለፉ ጥርሶቻቸው ተጠላልፈዋል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም በማይክሮሜትር የሚቆጠር ነው። ሳጥኑ በሁለቱ መካከል ቮልቴጅ ያሳርፋል፤ በተስፋፋው የቦሽ ዓይነት 45 ቮልት አካባቢ ነው። ሰሌዳው ንጹሕ ሳለ ምንም ከረንት አያልፍም። ጥቀርሻ ካርቦን ነውና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቅንጣቶቹ እየተደራረቡ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ድልድይ ሲሠሩ ከረንት መፍሰስ ይጀምራል። ከረንቱ ጥቂት ማይክሮአምፕር ሲደርስ ሳጥኑ «ሞላ» ይላል። ከዚያ በሰሌዳው ውስጥ ያለው ማሞቂያ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አግሎ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል፤ ሰሌዳው ይቀዘቅዛል፣ ልኬቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እንግዲህ ሴንሰሩ በእርግጥ የሚሰጠው ቁጥር ሰዓት ነው፦ ካለፈው ጽዳት እስከዚህኛው መሙላት ስንት ደቂቃ ፈጀ? የሞተሩ ኮምፒውተር በበኩሉ ከዙሩ፣ ከጭነቱና ከሙቀቱ ተነሥቶ ሞተሩ ምን ያህል ጥቀርሻ እንዳመነጨ ያሰላል። በስሌቱ ውስጥ ልክ የወሰኑ ጠርዝ ላይ ያለ የተጎዳ ፊልትሮ ያስቀምጥና «ይህ ፊልትሮ ቢሆን ሴንሰሩ በዚህን ያህል ደቂቃ ይሞላ ነበር» ይላል። እውነተኛው ሴንሰር ከዚያ ቀድሞ ከሞላ የእርስዎ ፊልትሮ ከተጎዳውም የባሰ ነው፤ ፒ2002 ይመዘገባል። ሰዓቱ አልፎ ሴንሰሩ ካልሞላ ፊልትሮው ጤነኛ ነው። ብዙ መኪኖች መብራቱን የሚያበሩት ውጤቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ከተደገመ በኋላ ነው፤ ኮዱ ተሰርዞ መብራቱ በማግስቱ ሳይሆን ከቀናት በኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ስህተት አለ፤ ብዙ ደህና ሴንሰር ያስጣለ ስህተት ነው። መካኒኩ ስካነር ሰክቶ የሴንሰሩን ከረንት ያያል፤ ዜሮ ነው። ሞተሩን ያስጓራል፤ አሁንም ዜሮ። «ሞቷል» ይላል። ከጤነኛ ፊልትሮ በኋላ ያለ ሴንሰር ዜሮ ላይ ብዙ ጊዜ መቆየቱ ጤና ነው። ሰሌዳው ላይ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ጥቀርሻ እየተጠራቀመም ከረንቱ ዜሮ ነው። በጋራዥ ደጃፍ ሞተር በማስጓራት ይህ ሴንሰር አይፈተንም።

ስለ ማጠቡ፦ ብሩሽ የታተሙትን ቀጫጭን የፕላቲነም መስመሮች ይፍቃል፤ ለነገሩ መከላከያ ቱቦው ስላለ ብሩሹ ሰሌዳው ጋ በደንብም አይደርስም። ቤንዚንና የካርቡሬተር ማጽጃ ሴራሚኩ ላይ ቅሪት ይተዋሉ። ጥቀርሻውን ማሞቂያው ራሱ ያቃጥለዋልና ሰው ሊያግዘው አይገባም። ማሞቂያው የማይችለው አመድን ነው። ከተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚመጣው የካልሲየምና የዚንክ አመድ በ600 ዲግሪም አይነድም፤ ሰሌዳው ላይ ከተጋገረ ሴንሰሩ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም።

ሴንሰሩን በብዛት የሚገድለው ውሃ ነው። ከጭሱ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታዋ የጋለ ሴራሚክ ላይ ብታርፍ ሰሌዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የቱቦው ግድግዳ ሞቆ ውሃው መድረቁን በስሌት እስኪያረጋግጥ ድረስ ማሞቂያውን አያበራም። በከተማ አጫጭር ጉዞ ይህ ፈቃድ ሳይሰጥ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሴንሰሩ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይለካ ሊሰነብት ይችላል። ያን ጊዜ ፒ24ዲ1 የተባለው፣ የሴንሰሩ ጽዳት አልተጠናቀቀም የሚለው ኮድ ቢመጣ ሴንሰሩን ከመክሰስ በፊት የጉዞውን ዓይነት መመልከት ነው። ሌላው ገዳይ ደግሞ ሰው ነው፦ ፊልትሮውን ሴንሰሩ እንደታሰረ በግፊት ውሃ ማጠብ፣ ሴንሰሩን ከቱቦው ሆድ በታች ውሃ በሚቋጥርበት ቦታ ገልብጦ ማሰር፣ ለመፍታት ሲባል በመዶሻ መምታት።

ሽቦው ላይ ቆም እንበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሴንሰሩ ጫፍና በሳጥኑ መካከል ያለውን ሽቦ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ በ45 ቮልት 10 ማይክሮአምፕር አለፈ ብንል መቋቋሙ 4.5 ሜጋኦም ነው። ጭቃና እርጥበት የገባበት የተቀጠለ ሽቦ በሁለቱ መስመሮች መካከል ይህን ያህል ማሳለፍ አያቅተውም። ኮምፒውተሩ ያንን ከጥቀርሻ መለየት አይችልም፤ «ሞላ» ብሎ ይመዘግባል፣ ጤነኛ ፊልትሮ ይኮነናል። ያገለገለ ሴንሰር ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበትም ይኸው ነው፦ ሽቦው ላይ የተጠቀለለ ፕላስተር ካለ አይግዙ።

አሁን ፍተሻው። የሚያስፈልገው የመኪናውን አምራች ዝርዝር ዳታ የሚያነብ ስካነር (ኮድ ብቻ የሚያነበው ትንሹ አይበቃም)፣ መልቲሜትር፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪና ከተገኘ በቱቦ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ነው።

ኮዱን ከመሰረዝዎ በፊት ከኮዱ ጋር የተመዘገበውን ቅጽበታዊ ዳታ በስልክ ፎቶ ያንሱት፦ ዙር፣ ፍጥነት፣ የራዲያተር ውሃ ሙቀት፣ የጭስ ሙቀት፣ ከመጨረሻው የፊልትሮ ጽዳት ወዲህ የተነዳ ኪሎ ሜትር። ኮዱ የተመዘገበው የፊልትሮው ጽዳት ባለቀ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ ልብ ይበሉ። ፊልትሮ በደንብ የሚያጣራው ግድግዳው ላይ ስስ የጥቀርሻ ልባስ ሲኖረው ነው፤ ልባሱ እንደተቃጠለ ወይም ፊልትሮው ተፈትቶ እንደታጠበ የማጣራት ብቃቱ ለጊዜው ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ኮድ አንድ ጊዜ ቢመጣ ለፍርድ አያበቃም።

ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነጩን ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ በኩል ይጥረጉት። ፊልትሮው ጤነኛ የሆነ መኪና ጨርቁን ቢያቆሽሽ ቡናማ ወይም ግራጫ አቧራ ነው። የከሰል ዓይነት፣ በጣት መካከል ሲታሽ የሚለሰልስ ጥቁር ከወጣ ጥቀርሻ በፊልትሮው አልፏል። ከድሮ የቀረ ሊሆን ስለሚችል ጫፉን አጽድተው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይድገሙት። ከዚያ ሴንሰሩን ራሱን ይፍቱ። መጀመሪያ ሳጥኑን ከተሰቀለበት ያላቅቁ፤ ካልሆነ ሴንሰሩ ሲዞር ሽቦው አብሮ ይጠመዘዛል። ዝገት ማላቀቂያ ረጭተው ጊዜ ይስጡት። የወጣውን ጫፍ ይመልከቱ፦ መከላከያ ቱቦው ቀለል ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ደህና፣ እንደ ከፋይ ጥቁር ከለበሰ ፊልትሮው እያሾለከ ነው፣ ነጣ ያለ ቅርፊት ከያዘ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የግፊት ልዩነት ሴንሰሩ ይምጣ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሣ ንባቡ ዜሮ ወይም ከዜሮ ሁለትና ሦስት ሚሊባር ያልራቀ መሆን አለበት። ሞተሩ ሲነሣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ጥቂት ሚሊባር፣ ዙሩ 3000 ሲደርስ ደግሞ ከፍ ብሎ በአሥር ቤት የሚቆጠር ይሆናል። ዙር ጨምሮ ንባቡ ንቅንቅ ካላለ ወይ ቱቦው ተቀዷል፣ ወይ ተደፍኗል፣ ወይ ፊልትሮው ውስጡ ባዶ ነው። ንባቡ ወደ ኔጋቲቭ ከሄደ ቱቦዎቹ ተቀያይረዋል። ቱቦዎቹን በኮምፕረሰር ማጽዳት ይቻላል፤ ግን ከሴንሰሩ ተነቅለው፣ ወደ ጭስ ማውጫው አቅጣጫ ብቻ። አየሩ ወደ ሴንሰሩ ከተነፋ የሲሊከን ሽፋኗ ትቀደዳለች።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ የሚያስፈልግ ማስታወሻ አለ። በቪዲዮ የሚታዩት ሠንጠረዦች ለባሕር ወለል የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ያው ክብደት ያለው ጭስ እዚህ በመጠን ሰፍቶ ስለሚያልፍ ፊልትሮው ሳይሞላም የግፊት ልዩነቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይነበባል። ኮምፒውተሩ የአየር ግፊት ሴንሰሩን አይቶ ያርመዋል፤ ሠንጠረዥ ይዞ የሚያነጻጽር ሰው ግን አያርመውም። ደህና ፊልትሮ «ሞልቷል» እንዳይባል ይጠንቀቁ።

የኤሌክትሪኩ ፍተሻ አጭር ነው። ባትሪው አርፎ 12.6 ቮልት አካባቢ መያዙን፣ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው በቂ መስጠቱን ይዩ፤ ማሞቂያው ከረንት የሚወድ ስለሆነ በደከመ ባትሪ ጽዳቱን አይጨርስም። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ሶኬት ላይ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭና ሁለት የካን ሽቦዎች (ሳጥኑ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መረጃ የሚለዋወጥባቸው) ያገኛሉ። ቁልፍ ተከፍቶ በመልቲሜትር ሲለኩ አንዱ ካን ከ2.5 ቮልት ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ባትሪ ተነቅሎ በሁለቱ መካከል ያለው መቋቋም 60 ኦም አካባቢ ከሆነ መስመሩ ሙሉ ነው፤ 120 ኦም ከሆነ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ያስተካክሉ። በእርስዎ መኪና ፒ24ኤኤፍ ስለጠፋ እዚህ ብዙ ይገኛል ብዬ አልጠብቅም።

የመጨረሻው ፈተና መንገድ ላይ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። ስካነሩ ተሰክቶ ሌላ ሰው እያነበበ፣ በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር፣ በ2000 እና በ2500 ዙር መካከል 40 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ይንዱ። በቅደም ተከተል መታየት ያለበት ይህ ነው፦ የውሃ መድረቅ ፈቃድ ይሰጣል፤ የሰሌዳው ሙቀት ከ600 በላይ ይወጣል፤ ይወርዳል፤ ልኬት ይጀምራል። ከዚያ ሰዓትዎን ይያዙ። በተረጋጋ ጉዞ ሴንሰሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ወደ ጽዳት ከተመለሰ፣ ይህም ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ጨርቁም ጥቁር ካወጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፦ ፊልትሮው ተሰንጥቋል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ሴንሰሩ ግን ቶሎ ቶሎ ከሞላ ያገለገለውን ሴንሰር ይጠርጥሩ፤ በአዲስ ቀይረው ይድገሙት። ሙቀቱ ጨርሶ ካልወጣ ማሞቂያው ወይም የሚመግበው መስመር ነው።

ጭስ በዓይን አይታይም ብለዋል። የናፍጣ ጥቀርሻ ቅንጣት የማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ናት፤ ዓይን የሚያየው በብዛት ሲከማች ብቻ ነው። በምርመራ ጣቢያ ያለው ብርሃን በጭስ ውስጥ አሳልፎ የሚለካው መሣሪያም ለዚህ ጉዳይ ሸካራ ነው። በአውሮፓ ለዩሮ 6 መኪና የሚፈቀደው ወሰን (ጭሱ ብርሃን የሚውጥበት መጠን) በሜትር 0.7 ነው፤ 43 ሳንቲ ሜትር የብርሃን ርቀት ባለው መሣሪያ ሲሰላ ከብርሃኑ 26 በመቶ ያህሉ ተጋርዶም መኪናው ያልፋል ማለት ነው። የተሰነጠቀ ፊልትሮ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ጭስ ስለሚያወጣ በምቾት ያልፋል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023፣ ጀርመን ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ቅንጣት በቁጥር የሚቆጥር መሣሪያ ወደ ዓመታዊ ምርመራ ያስገቡት ለዚህ ነው። የጀርመን ወሰን በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 250,000 ቅንጣት፣ የኔዘርላንድስ 1,000,000 ነው። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ያገለገለ የናፍጣ መኪና ስትገዙ የዚህን ልኬት ወረቀት ጠይቁ፤ ስለ ፊልትሮው ከሻጩ ቃል ይልቅ እሱ ይናገራል።

ፊልትሮው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ማጠብ ስንጥቅን አይደፍንም። ፈትተው በመውጫው በኩል በእጅ ባትሪ ይመልከቱት፦ ጤነኛ ፊልትሮ በመውጫው ፊት ንጹሕና ፈዘዝ ያለ ቀለም አለው፤ የተሰነጠቁ መተላለፊያዎች ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። አንዳንዴ ሴራሚኩ ደህና ሆኖ በእሱና በብረት ሽፋኑ መካከል ያለው የሙቀት ምንጣፍ ተበልቶ ጭሱ በጎን ይሾልካል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ዙሪያውን ጠርዝ ላይ ነው። ሲቀየር ደግሞ ሦስት ነገር አይዘለል። ከፊልትሮው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጥ የተጋገረ አሮጌ ጥቀርሻ ይጽዳ፤ ቅርፊቱ እየተላቀቀ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ አዲስ ፊልትሮ በገባ በሳምንቱ ፒ2002 ይመለሳል። በስካነር የአመድና የጥቀርሻ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለስ፤ ሴንሰሩም አዲስ ከሆነ ማስለመድ (በስካነር ከኮምፒውተሩ ጋር ማስተዋወቅ) የሚጠይቅ ሞዴል መሆኑ ይታይ። ቱቦው ላይ ብየዳ ካለ ሴንሰሮቹ ሁሉ ወጥተው፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ ይሠራ፤ የብየዳ ፍንጣሪ ብረት በማበጠሪያዎቹ መካከል ገብቶ ከጥቀርሻ የባሰ ድልድይ ይሆናል።

ፊልትሮው ለምን እንደተሰነጠቀ ሳይታወቅ አዲስ ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው። የእርስዎ አነዳድ አንዱን ምክንያት ይጠቁማል። ፊልትሮው ራሱን የሚያጸዳው ጭሱን ወደ 600 ዲግሪ አሙቆ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከተማ ውስጥ ደጋግሞ ሲቋረጥ ጥቀርሻው ከልክ በላይ ይከማቻል። አንድ ቀን በአውራ ጎዳና ላይ ጽዳቱ ይነሣና ጥቀርሻው በደንብ ሲነድ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ቢቀር፣ ሙቀቱን ጠርጎ የሚያወጣው የጭስ መጠን በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፤ ኦክሲጅኑ ደግሞ ይበዛል። ውስጡ ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሴራሚኩ የሚሰነጠቀው ወይም የሚቀልጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ያልተቋረጠ ጉዞ ይስጡት፤ ቆመው ሳለ ፋኑ በኃይል እየዞረ፣ የሚኒሞ ዙሩም ከወትሮው ከፍ ካለ ጽዳት ላይ ነውና ቢያንስ እስኪጨርስ አያጥፉት። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም ይዩ፤ ደረጃው ከሞላው መስመር ከፍ እያለ ከሄደ በተቋረጡ ጽዳቶች ምክንያት ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ ይቀየር። የሚገባው ዘይት የመኪናው መጽሐፍ የሚያዝዘው አነስተኛ አመድ ያለው ዓይነት ይሁን፦ በአውሮፓ የመኪና አምራቾች ማኅበር (ኤሲኢኤ) ምደባ ሲ3 የሚባለው አመዱ ከ0.8 በመቶ አይበልጥም፣ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ኤ3/ቢ4 ግን እስከ 1.6 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ኢንጄክተሮቹና ኢጂአሩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) ይመርመሩ፤ ቱርቦው ዘይት የሚያሳልፍ ከሆነ አዲሱም ፊልትሮ ዕድሜ አይኖረውም።

ሆዱን ስለመብሳቱ፦ በሶፍትዌር ሲጠፋ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም። ኢንጄክተር ሲበላሽ፣ ቱርቦ ዘይት ሲያሳልፍ ጥቀርሻው በጊዜ የሚታይበት መንገድ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ያ ጭስ የሚወጣው ልጆች በሚሄዱበት የእግረኛ መንገድ ከፍታ ላይ ነው፤ በትራፊክ መጨናነቅ ከኋላዎ ቆሞ የሚተነፍሰው ሰው ምርጫ የለውም። የፊልትሮው ዋጋ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በመጀመሪያ ፍተሻውን ይጨርሱ ያልሁትም የማያስፈልግ ፊልትሮ እንዳይገዙ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ኮዱን ሰርዘው መብራት ስለጠፋ ብቻ መኪናውን አይረከቡ። ኮድ ሲሰረዝ የፍተሻ ዝግጁነት መዝገቡም ዜሮ ይሆናል። ከላይ የተናገርሁትን የ40 ደቂቃ ጉዞ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይንዱ፤ ከዚያ ስካነሩ የብናኝ ማጣሪያ ፍተሻው «ተጠናቋል» ማለቱን፣ በመጠባበቂያ ኮዶች (አንድ ጊዜ ታይተው ገና መብራት ያላበሩ) ዝርዝር ውስጥም ፒ2002 አለመኖሩን ይመልከቱ። ቀሪ ክፍያ ካለ ከዚህ በኋላ ይክፈሉ።